ከጣና ዳር ወደ ዱባይ፦ በበረሃ ሙቀት ብስክሌት ለሚነዳ ሰው

በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ ከደንበኞቼ አንዱ ብቅ ይልና «ዱባይ ሥራ አግኝቻለሁ፤ እዚያ ብስክሌት ይነዳል እንዴ?» ይለኛል። ይነዳል። እኔ ራሴ እዚያ ሆቴል ስሠራ ስነዳ ነው የኖርኩት። አሁን ባሕር ዳር ተመልሼ ብስክሌት አከራያለሁ፣ እጠግናለሁ። ጠያቂው ስለበዛ መልሱን አንድ ቦታ ልጻፈውና ልረፍ ብዬ ነው።

ከመጀመሬ በፊት አንድ ነገር ልበል። ይህ ጽሑፍ የዕረፍት ቀን ላለውና እንደልቡ ለሚወጣ ሰው ነው። ከአሠሪ ቤት በር ለመውጣት ፈቃድ የሚጠይቁ ብዙ እህቶች እንዳሉን አውቃለሁ። የእነሱ ጉዳይ ከብስክሌት ወሬ በላይ ነው።

ትንፋሻችሁን አትመኑት

ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የምንስበው አየር ከባሕር ጠረፍ አየር ጋር ሲተያይ በ20 ከመቶ ገደማ የሳሳ ነው። ስለዚህ የቤዛዊትን ዳገት ከኮርቻ ሳይወርድ የሚጨርስ ሰው ዱባይ ሲደርስ ትንፋሽ አይቸግረውም። እግሩ ይቀለዋል። በመጀመሪያው ሳምንት «እኔ እኮ ሳላውቀው ሻምፒዮን ነበርኩ» ያሰኛል።

ችግሩም እዚሁ ላይ ነው። ከፍታ ላይ ያደግን ሰዎች ማቆም ያለብን መቼ እንደሆነ የሚነግረን ትንፋሻችን ነው። ቁና ቁና መተንፈስ ስንጀምር እንቀንሳለን። እዚያ ግን ትንፋሽ ሳያጥር ሙቀቱ ቀድሞ ይይዛል። ልብ ደሙን ለጡንቻ ብቻ ሳይሆን ሰውነትን ለማቀዝቀዝ ለቆዳም ማዳረስ አለባት። በዚያው ፍጥነት እየሄዳችሁ እንኳ ምቷ እየጨመረ ይሄዳል። ስለዚህ የልብ ምት የምትቆጥር ርካሽ ሰዓት ግዙ። ፍጥነታችሁ ሳይጨምር ምቱ እየወጣ ከሄደ ቀንሱ፣ ጥላ ፈልጉ። እግራችሁ «ጨምር» ቢላችሁም አትስሙት።

በነገራችን ላይ አል ዐይን ከተማ አጠገብ ጀበል ሐፊት የሚባል ተራራ አለ። መንገዱ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ሽቅብ ነው። የዓለም ታላላቅ ብስክሌተኞች በየዓመቱ ይወዳደሩበታል። ጫፉ ግን 1,300 ሜትር አይሞላም። ከጣና ውሃ በታች ማለት ነው! እዚያ ወጥቼ ይህን ሳስብ ብቻዬን ሳቅሁ። ዳገቱ ግን ዳገት ነው፣ አትናቁት።

ሰዓቱና ወሩ

ባሕር ዳር ላይ ሞቀ የሚባለው ሚያዝያ ነው። ያኔ እንኳ ቀትር ላይ 30 ዲግሪ አካባቢ ነው። ዱባይ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቀኑን ከ40 በላይ ይውላል። እኛ ዝናብ ሽሽት ብስክሌታችንን ቤት በምናስገባበት ክረምት እነሱ ሙቀት ሽሽት ያስገባሉ። ለመንዳት የሚመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ መጋቢት ነው። የመሄጃ ቀን የመምረጥ ዕድል ካላችሁ ጥቅምት መጨረሻ ላይ ድረሱ። ሰውነታችሁ ቀስ ብሎ ይለምዳል።

ምርጫ ሳይኖራችሁ ሰኔ ላይ ከደረሳችሁ ደግሞ ዋናው ጠላት ፀሐይዋ ብቻ እንዳትመስላችሁ። እርጥበቱ ነው። ዱባይ ባሕር ዳርቻ ላይ ናት። ነሐሴ ላይ ሌሊት ከአየር ማቀዝቀዣ ቤት ስትወጡ፣ አከንባሎ ከምጣድ ላይ ሲነሳ ፊት ላይ የሚመጣው እንፋሎት ዓይነት ነው የሚቀበላችሁ። መነጽር ወዲያው ይደበዝዛል። ገና ሳይነጋ 30 ዲግሪ ነው። ንጋት ከቀኑ ሁሉ የቀዘቀዘው ሰዓት ቢሆንም እርጥበቱ የሚበዛውም ያኔ ነው። ላብ ሰውነትን የሚያቀዘቅዘው ሲተን ነው። አየሩ ራሱ ውሃ ሲጠግብ ላቡ አይተንም፤ ዝም ብሎ ይንጠባጠባል። ላብ በላብ ሆናችሁ ሳለ ሰውነታችሁ እየጋለ ይሄዳል።

የአገሩ ሕግ ራሱ ልክ ያስተምራል። ከሰኔ 8 እስከ መስከረም 5፣ በእነሱ ከጁን 15 እስከ ሴፕቴምበር 15 መሆኑ ነው፣ ከቀኑ 6:30 እስከ 9 ሰዓት ሠራተኛን ፀሐይ ላይ ማሠራት ክልክል ነው። ለደመወዝ ያልተፈቀደውን ለመዝናኛ አታድርጉት። በእነዚህ የሙቀት ወራት ወይ ከንጋት በፊት ውጡ፣ ወይ ማታ መብራት ያለበት ሜዳ ሂዱ፣ ወይ ጂም ውስጥ ያለውን ቋሚ ብስክሌት አሽከርክሩ። ጂም ውስጥ መንዳት ነውር የለውም።

የሰዓት አቆጣጠሩንም ቶሎ ልመዱ። ቡድን ውስጥ ስትገቡ «በ5 ሰዓት እንነሳለን» ይሏችኋል። በእኛ ሌሊት 11 ሰዓት ማለታቸው ነው። ባሕር ዳር ደግሞ ከዱባይ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ስለምትሆን እናታችሁ ገና 10 ሰዓት ላይ ናት። በመንገድ ላይ ሆናችሁ ፎቶ ብትልኩላት «ምን ሆነህ ነው በዚህ ሌሊት ውጭ ያለኸው?» ብላ ትደውላለች።

ሰውነት ሙቀትን ለመልመድ ከ10 እስከ 14 ቀን ይፈልጋል። በእነዚህ ቀናት የደም መጠን ይጨምራል፣ ላብ ቀድሞ ይጀምራል፣ በላብ የሚወጣው ጨውም ይቀንሳል። ግን ቀኑን ሙሉ በማቀዝቀዣ ውስጥ ተቀምጦ መልመድ የለም። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ግማሽ ሰዓት በዝግታ ንዱ፣ ከዚያ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ጨምሩ። ለዕረፍት አገር ቤት ቆይታችሁ ስትመለሱም ልምዱ ስለሚጠፋ እንደገና ከዝግታ ነው የሚጀመረው።

ውሃና ጨው

እዚህ ከከተማ ወደ ጢስ ዓባይ 30 ኪሎ ሜትር ስንሄድ ብዙዎቻችን ውሃ አንይዝም። ሲጠማን ሱቅ አለ፣ ጠላ ቤትም አለ። በረሃ ላይ ይህ አይሠራም። በሙቀት ውስጥ የሚነዳ ሰው በሰዓት አንድ ሊትር ላብ በቀላሉ ያወጣል፤ ብዙ የሚያልበው ከዚያም ያልፋል።

የራሳችሁን መጠን ለማወቅ ሚዛን ይበቃል። ከመውጣታችሁ በፊት ያለ ልብስ ተመዘኑ። አንድ ሰዓት ንዱ፤ የጠጣችሁትን ልብ በሉ። ተመልሳችሁ ላባችሁን ጠርጋችሁ ደግማችሁ ተመዘኑ። የጎደለው አንድ ኪሎ አንድ ሊትር ውሃ ማለት ነው፤ በመንገድ የጠጣችሁትን ጨምሩበት። 60 ኪሎ የምትመዝን ሰው ከአንድ ኪሎ ከ200 ግራም በላይ ጎድሎባት ከተመለሰች የጠጣችው አልበቃትም። ይህን በጥርም በነሐሴም አድርጉት። ቁጥሩ እንዴት እንደሚለያይ ታያላችሁ።

ውሃ ብቻ መጠጣት ግን አይበቃም፤ ሲበዛ ጉዳትም አለው። ጥቁር ሸሚዝ ለብሳችሁ ከነዳችሁ በኋላ ጀርባው ሲደርቅ እዩት። ነጭ መስመር ያወጣል፣ ልክ ውሃ ሸሽቶት እንደሄደ ዳርቻ በድርብርብ። የሄልሜቱ ማሰሪያ አገጭ ሥር ይደርቅና እንጨት ይሆናል። በጣት ስትፈቀፍቁት ነጭ ዱቄት ይረግፋል። ጨው ነው። ይህ ሁሉ ጨው ወጥቶ በላዩ ላይ ንጹሕ ውሃ ብቻ ካፈሰሳችሁበት ደም ውስጥ የቀረው ጨው ይሳሳል። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ ሲብስም ግራ መጋባት ይመጣል። ሰው ውሃ ያነሰው ይመስለውና ይጨምራል። ያኔ ይብሳል።

መፍትሔው ርካሽ ነው። ልጅ ተቅማጥ ሲይዘው ጤና ጣቢያ የሚሰጠውን ኦአርኤስ ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ፋርማሲ ሁሉ አለ። ከሌለ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ስድስት ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ ለጥ ያለ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጡ። ጨዉን በዓይን አትገምቱ፤ እንባ ያህል ጨው ጨው ካለ ልክ ነው፣ ከዚያ ካለፈ በዝቷል። ሁለት ኮዳ ያዙ፣ አንዱ ንጹሕ ውሃ ሌላው ይህ። ግፊት ያለበት ሰው ግን አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ።

ኮዳውን ማታ ግማሽ ድረስ ሞልታችሁ ፍሪዘር ውስጥ አሳድሩት። ጠዋት ስትወጡ በቀዝቃዛ ውሃ ሙሉት። እስከ አፉ ሞልታችሁ ካሳደራችሁት ይሰነጠቃል። ካልቀዘቀዘ ግን በግማሽ መንገድ የሻይ ውሃ ይሆንና መጠጣት ያስጠላል፤ ያስጠላን ውሃ ደግሞ ማንም አይጠጣውም።

ምግቡን በተመለከተ ከአገር ቤት በሶ ይዛችሁ ሂዱ። ስፖርት ቤት በውድ የሚሸጡትን ጣፋጭ ነገር ሁሉ አይቼዋለሁ። በሶ ጭብጦ አድርጎ፣ ጨው ነካ አርጎ፣ ተምር ጨምሮ ኪስ ውስጥ መያዝን የሚያህል የለም። ተምር እዚያ እንደ ልብ ነው። ብጥብጡን ግን ለመንገድ አትያዙት፣ በሙቀት ቶሎ ይኮመጥጣል።

ሰውነት ሲከዳ

ይህችን ክፍል ሁለት ጊዜ አንብቧት። በዚያ ሙቀት እየነዳችሁ ድንገት ክንዳችሁ ላይ ውርር ካደረጋችሁ፣ ብርድ ብርድ ካላችሁ፣ ወዲያው አቁሙ። በ38 ዲግሪ ሰው አይበርደውም። ሰውነት መቆጣጠር እያቃተው ነው። ራስ ማዞር፣ ያለ ምክንያት መነጫነጭ፣ የጓደኛን ቀልድ አለመረዳት፣ ምላስ መተሳሰርም ያው ናቸው። አንዳንዴ ራሱ የታመመው አያውቀውም። ስለዚህ እርስ በርስ አውሩ። ተጫዋች የነበረው ሰው ዝም ካለ ስሙን ጠርታችሁ ጥያቄ ጠይቁት።

የተዘበራረቀ ወይም የወደቀ ሰው ካለ ጥላ አግቡት፣ ሄልሜቱንና ሸሚዙን አውልቁለት፣ ያላችሁን ውሃ ሁሉ ሰውነቱ ላይ አፍስሱና አራግቡለት። በረዶ ከተገኘ አንገቱ፣ ብብቱና ጭኑ መሐል አድርጉ። ራሱን ለሳተ ሰው ውሃ በአፉ አትስጡ። አምቡላንስ 998 ነው፣ ፖሊስ 999። አምቡላንሱ እስኪመጣ ማቀዝቀዙን አታቁሙ። በሙቀት ለተመታ ሰው ወደ ሆስፒታል ከሚደረገው ጉዞ ይልቅ የመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ናቸው ወሳኝ።

የት ይነዳል?

ባሕር ዳር ብስክሌት የቤተሰብ አባል ነው። በዘንባባው ጎዳና ከባጃጅ ጋር ተጋፍተን፣ ጓደኛ ኋላ አፈናጥጠን፣ ያለ ሄልሜት ዩኒቨርሲቲው ፔዳ ግቢ ደርሰን እንመለሳለን። ዱባይ ይህ ሁሉ ያስቀጣል። ሄልሜት ግዴታ ነው። ፊት ነጭ፣ ኋላ ቀይ መብራት፣ የሚያብረቀርቅ ሰደርያም እንደዚሁ። ማፈናጠጫ በሌለው ብስክሌት ሰው መጫን የለም። በእግረኛና በሯጮች መንገድ መግባት የለም። ከሁሉ በላይ ደግሞ ከ60 ኪሎ ሜትር በላይ ፍጥነት በተፈቀደበት መኪና መንገድ ላይ አትግቡ። ሕግ ስለሆነ ብቻ አይደለም። እዚያ መኪናው አይታችሁትም ሳትጨርሱ አልፏችኋል። ደግነቱ እንደኛው በቀኝ ነው የሚነዱት።

በምትኩ ለብስክሌት ብቻ የተሠራ መንገድ አለላችሁ። አል ቁድራ ከከተማ ወጣ ብሎ በረሃው መሐል ከ80 ኪሎ ሜትር በላይ ይዘረጋል። ብስክሌት ይከራያል፣ ሽንት ቤትና ውሃ አለ፤ ግን መነሻው ላይ እንጂ በየሜዳው አይደለም። ናድ አል ሺባ ከተማው ውስጥ ነው፣ ዙሩ አጭር ነው፣ ማታ መብራት አለው። ለጀማሪና ለሙቀቱ ወራት ማታ የእኔ ምርጫ እሱ ነው፤ ቢደክማችሁ መኪና ቅርብ ነውና። አቡ ዳቢ ደግሞ የፎርሙላ ዋን መኪኖች የሚሽቀዳደሙበት ያስ ማሪና በተወሰኑ ምሽቶች ለብስክሌትና ለእግረኛ በነጻ ይከፈታል። አስፋልቱ እንደ መስታወት ነው። አንድ ጊዜ ሂዱበት።

አል ቁድራ ላይ ሦስት ነገር ተጠንቀቁ። አንደኛው አሸዋ ነው። ንፋስ አምጥቶ መንገዱ ላይ ያለብሰዋል። ስትደርሱበት ፍሬን አትያዙ፣ መሪ አታጣምሙ፣ ቀጥ ብላችሁ እለፉ። ሌላው በክረምታቸው ታኅሣሥና ጥር ላይ ጠዋት የሚወርደው ጭጋግ ነው። መብራት እንኳ ቅርብ ካልሆነ አይታይም፤ እስኪገፈፍ ቡና ጠጡ።

ሦስተኛው ንፋሱ ነው። ከሰሜን ምዕራብ የሚመጣውን ሸማል ይሉታል። ስትሄዱ ንፋሱን ፊት ለፊት ተቀበሉት፣ ስትመለሱ ይገፋችኋል። ይህን ጣና ዳር የነዳ ሁሉ ያውቃል። እዚያ ግን አንድ የሚጨመር አለ። ንፋሱ ከኋላ ሆኖ በእናንተው ፍጥነት ሲሄድ አየሩ ዙሪያችሁን ይቆማል። ፊታችሁን የሚነካ ነገር የለም። ላቡ ዓይን ውስጥ ይገባል። እየፈጠናችሁ ሳለ በጣም የምትግሉት ያኔ ነው። ስለዚህ ለመመለሻ ውሃ አትርፉ፣ ጥቂቱን ጭንቅላታችሁ ላይ አፍስሱት።

ብስክሌቱ

ከዚህ ይዛችሁ አትሂዱ። ፊኒክስ ብስክሌታችን ለባሕር ዳር ነው የተፈጠረው። እዚያ ያገለገለ ጥሩ ብስክሌት በየጊዜው ይሸጣል፤ በተለይ ሰኔ አካባቢ ኮንትራቱ ያለቀ ፈረንጅ ሁሉ ዕቃውን ሸጦ ይሄዳል። ደረሰኝ ጠይቁ፣ ፍሬሙ ሥር ያለውን ቁጥር ከደረሰኙ ጋር አመሳክሩ። ልካችሁ ካልሆነ በነጻ ቢሰጧችሁም ተዉት። የግድ የራሴን ካላችሁ አየር መንገዱን ስለ ካርቶኑ ልክና ክፍያ አስቀድማችሁ ጠይቁ። ፔዳል ስትፈቱ የግራው በተቃራኒ እንደሚዞር አትርሱ፤ ጉልበት ጨምሮ የሰበረ ብዙ ነው።

ባሕር ዳር በየጥጉ ጎማ ለጣፊ አለ። በረሃ ላይ ለጣፊው እናንተ ናችሁ። እዚህ ሳላችሁ ካላማዳሪ መቀየር ተለማመዱ። እሾህ እዚያ ብዙ አይደለም። የሚበሳው ከፈነዳ የጭነት መኪና ጎማ የሚበተን ቀጭን ሽቦ ነው። ከፀጉር ብዙም አይወፍርም። ካላማዳሪውን ቀይራችሁ ሽቦውን ሳታወጡ ከነፋችሁት ወዲያው ይበሳዋል። በጣት አትፈልጉት፣ ይወጋችኋል። ቁራጭ ጥጥ ወይም የነጠላ ጨርቅ በጎማው ውስጥ ዙሪያውን ጎትቱ። ሽቦው ያለበት ጋ ጨርቁ ይያዛል። ማስቲሽ ደግሞ አንዴ ከተከፈተ በዚያ ሙቀት ይደርቃል፤ ሁለት ትርፍ ካላማዳሪ መያዝ ይሻላል። ብስክሌቱን ፀሐይ ላይ በቆመ መኪና ውስጥ አታስቀምጡ። ጎማው ውስጥ ያለው አየር ይነፋል፣ የተለጠፈውም ይላቀቃል።

ካቴናው ላይ የሞተር ዘይት እንዳታደርጉ። እዚህ ለምደነዋል። እዚያ አሸዋው ይጣበቅበትና ጥርሱን ይሞርደዋል። በደረቅ ጨርቅ ጠርጋችሁ ደረቅ የሚባለውን ቅባት በጥቂቱ ጠብ አድርጉበት፣ ትርፉን ጥረጉ። ላባችሁም ጨው ስለሆነ መሪው አካባቢ ያለውን ብሎን ይበላል። ስትመለሱ በእርጥብ ጨርቅ ማበስ ይበቃል።

ልብስ፣ ጾምና ሰው

እኔ ሴት ነኝ። ረጅም ሱሪና እጀ ሙሉ ስስ ነጭ ሸሚዝ ለብሼ ነበር የምነዳው፤ ለአለባበስ ወግም ለፀሐይም ይስማማል። ማንም ምንም ብሎኝ አያውቅም። ጥቁር ቆዳ አይቃጠልም የሚለውን ተዉት፣ ቅባት ተቀቡ።

በረመዳን ቀን ሰው ፊት አትጠጡ፣ አትብሉ። የቡድን ጉዞውም ከአፍጥር በኋላ ወደ ማታ ይዞራል። የእኛ ጿሚ ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ሳይቀምስ በዚያ ሙቀት አይንዳ። ጾም ቀን ብስክሌቱም ይጹም። ከፈረንጆቹ 2022 ወዲህ የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ ዕረፍት ቅዳሜና እሁድ ስለሆነ ረጅሙን ጉዞ ቅዳሜ አድርጉት፣ እሁድ ቅዳሴ ትደርሳላችሁ። የሆቴል ሠራተኛ ከሆናችሁ ግን ፈረቃው ነው የሚወስነው።

ኢትዮጵያዊ ነኝ ስትሉ ብዙው ሰው ስለ ሩጫ ያወራችኋል። ብስክሌት የሚያውቀው ግን ስለ ፅጋቡ ግርማይ ይጠይቃችኋል። በፈረንጆቹ 2016 ቱር ደ ፍራንስ በሚባለው ታላቅ የብስክሌት ውድድር ላይ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ እሱ ነው። ያኔ የነበረበት ላምፕሬ የሚባለው ቡድን በዓመቱ የኤምሬትስ ቡድን ሆነ። ይህን ከነገራችኋቸው ቡናው በእነሱ ሂሳብ ነው።

ለዕረፍት ባሕር ዳር ስትመጡ የመጀመሪያዎቹን ቀናት ቤዛዊትን አትሞክሩት፤ ትንፋሽ ያጥራችኋል። ሻንጣችሁ ውስጥ ቦታ ከተረፈ ደግሞ ቀጭን ቫልቭ ያለው ካላማዳሪ ይዛችሁልኝ ኑ። እዚህ ማግኘት መከራ ነው። ሂሳቡን እዚሁ እንተሳሰባለን።